እትዬ ሸዋረጋ ባሌት ያዩ ዕለት

አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዲት እልል ባይ አትጠፋም። ሰርግ ይሁን ክርስትና፣ ምን እንደተደረገ ገና ሳይታወቅ እሷ እልልታዋን አቅልጣ ትጨርሳለች። የእኛዋ፣ እዚህ ባሕር ማዶ የፌርፋክስ ሰፈሯ፣ ክብርት እትዬ ሸዋረጋ ናቸው።

ታክሲ ነጂው አድማሱ መንጃ ፈቃድ ያገኘ ቀን እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል ቢሉ ጥበቃው እየሮጠ መጣ። ተበላሽታ የከረመችው መኪናዬ የተነሳች ጠዋት ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ለቀቁት፤ የምንኖርበት የፓልምስ ሰፈር ውሻ በሙሉ አብሯቸው ጮኸ። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ!»

ስለዚህ ልጄ ሠናይት ባሌት የምታሳይበት ቀን፣ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናዬ አጠገብ ሲጠብቁኝ ስጋት ያዘኝ።

ሙዚቃው ራሱ ያስፈራል። ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል አለችን አስተማሪዋ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ትናንት ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ምቱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ በሦስት ይጀምርና እግር ሲለምደው አምስት ይሆናል። ክላርኔቱ ብቻውን ሲያላዝን ከበሮዎቹ ድንገት ይወርዱበታል። መሃል ላይ ሁሉም ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ሠናይት ብቻዋን ቆማ፣ በልቧ ቆጥራ፣ ከበሮው ሲመታ መዝለል አለባት። በልምምድ ተሳስታ ስታለቅስ ከርማለች።

«ዳዲ፣ ዛሬም ሚስ ካደረግኩት በቃ፣ ኩዊት አደርጋለሁ» ብላኛለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ዳንስ የምታስበልጠው ነገር የላትም።

«እትዬ፣ እዚህ እስኪያልቅ አይጨበጨብም፤ ትንፍሽ አይባልም» አልኳቸው።

«ውይ ተስፋሁን! ምን ዓይነት ደስታ ነው ታዲያ?»

ለማንኛውም ብዬ እጃቸውን ሥራ አስያዝኩት። ጃኬቴን፣ አበባውን፣ የተዋስኩትን ከባድ የቪዲዮ ካሜራ ሳይቀር ቀረጻውን አስጀምሬ አሸከምኳቸው። አፋቸውን ረሳሁት።

ዳንሱ ተጀምሮ መሃል ሲደርስ ያ ጸጥታ መጣ። የልጄ ከንፈር ሲቆጥር ይታየኛል። ከዚያ ቆመ። ቁጥሩ ጠፋባት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አዳራሹ እንዲህ ጭጭ እንዳለ፣ ከጎኔ፦

«እልልልልል!»

ያለቀ መስሏቸው ነው። ፈረንጁ ሁሉ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሠናይት ግን ድምፁን አወቀችው፤ ሳቀች፤ ተወጥሮ የነበረው ትከሻዋ ሲረግብ አየሁ። መቁጠሩን ትታ ጆሮዋን ሰጠች፤ ከበሮው ሲመታ አብራው ዘለለች። እፎይ! እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

«ካውንቱ ጠፍቶኝ ነበር» አለችን መኪና ውስጥ። «እትዬን ስሰማ ፍርሃቱ ሄደ።» እትዬ ይህን ሲሰሙ መስኮቱን ከፍተው ምን እንዳደረጉ መንገር አያስፈልግም።

ቪዲዮው ላይ ከአዳራሹ ጣሪያ በቀር ምንም አይታይም። ድምፁ ግን አለ፦ ጸጥታው፣ የእትዬ እልልታ፣ ከበሮው። ከከበሮው ቀጥሎ አንድ የጎረነነ የወንድ እልልታ ይሰማል።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ባለጌ ነው?» ይላሉ እትዬ ባየነው ቁጥር፣ እኔን እኔን እያዩ።

«ምን ላድርግ» እላቸዋለሁ፤ «አመለጠኝ።»