ዋጋ ይቁም ወይስ ይጋደም?

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። የእኛ ጃንጥላ ፋብሪካ ከተቋቋመ ጀምሮ አፍስሶም ለቅሞም አያውቅም፤ ቸኩሎ አያውቅማ! ይህ የተከበረ ጠባዩ ዘንድሮ ክረምት እንዴት እንደተፈተነ ለትውልድ ማቆየት ግዴታዬ ነው።

ነገሩን የጫረችው የፋብሪካው ሱቅ ሻጭ ናት። ክረምቱ እንደገባ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ ሰው ዋጋውን ይጠይቀኝና ስቆብኝ ይሄዳል። እባክዎ ትንሽ ይቀነስልኝ» አለች። ዝናቡ ሳያባራ ጃንጥላው ካልተሸጠ ሱቁ እንደሚዘጋ፣ እሷም እንደምትሰናበት ተነግሯታል። ስለዚህ ብትቸኩል አይፈረድባትም።

ሥራ አስኪያጁ ግን አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው። «የፍላጎት ግራፍ ሳይጸድቅ ዋጋ አይነካም!» ብለው አንድ የምጣኔ ሀብትና አንድ የሒሳብ ምሁር ያሉበት ኮሚቴ በራሳቸው ሰብሳቢነት አቋቋሙ። የፍላጎት ግራፍ ማለት ዋጋ ሲወደድ ገዢ እንደሚሸሽ የሚያሳይ መስመር ነው። ይህን ሱቁ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰሌዳ ላይ ካልተሳለ ግን ዕውቀት አይባልም።

የምጣኔ ሀብቱ ምሁር ጠመኔ አንስቶ ዋጋን በቁም፣ የሚሸጠውን ብዛት በአግድም ጻፈ። የሒሳቡ ምሁር ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ምን ነካህ ወንድሜ? መንስኤው ዋጋ አይደለም እንዴ? መንስኤ በአግድም ነው የሚጻፈው!»

«በእኛ ሙያ ዋጋ ይቆማል።»

«ለምን?»

«ቆሞ ነዋ ያገኘነው!»

ሥራ አስኪያጁም በጥልቀት አሰቡና፣ «ዋጋ የተከበረ ነገር ነው። ደንበኛ ፊት እግሩን ዘርግቶ ይጋደም ነው የምትለው?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ጠዋት የቆመው ዋጋ ከሰዓት ይጋደማል። መስመሩ ግን ዋጋ ቆመም ተጋደመም ቁልቁል መውረዱን አልተወም፤ ይህ አለመታዘዙ በቃለ ጉባኤ ተወገዘ። ሻጯ በር ላይ ቆማ፣ «ክረምቱ ሊወጣ ነው እኮ!» ስትል፣ «ኮሚቴው ላይ ጫና አትፍጠሪ!» ትባላለች።

ክረምቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኮሚቴው ሰሌዳውን ተሸክሞ ለማጽደቅ ግቢውን አቋርጦ ወደ አዳራሹ አመራ። መንገድ ላይ ዶፍ ወረደ። ሦስቱም ሮጠው ሱቁ ውስጥ ገቡ።

«ጃንጥላ ስጪን እስቲ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ስንት ነው?»

ነገረቻቸው።

«ኧረ ጉድ! በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?»

«ማንም!» አሉ ምሁራኑ በአንድ ድምፅ። ከተዋወቁ ጀምሮ የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በይ ቀንሺና ስጪን።»

«ግራፉ ሳይጸድቅ?»

ሦስቱ ሊቃውንት ሰሌዳውን አናታቸው ላይ ደፍተው፣ የዋጋው ወገን ከፊት ይሁን ከኋላ እየተጨቃጨቁ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። አዳራሹ ሲደርሱ ጠመኔው ሁሉ ታጥቦ ፊታቸው ላይ ወርዷል። ሰሌዳው ላይ የቆመም የተጋደመም የለም።

«ተቃውሞ ያለው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ፊታቸውን እየጠረጉ።

የሚቃወም ጠፋ፤ ጸደቀ። ዋጋው በዚያው ቀን ተቀነሰ፣ ጃንጥላውም ዝናቡ ሳያባራ አለቀ። ሻጯ ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት።

ባዶው ሰሌዳ አዳራሹ ውስጥ በክብር ተሰቅሏል። ምሁራን ከሩቅ እየመጡ ይመረምሩታል፤ እስካሁን አንድም ስህተት አልተገኘበትም።