ከአዳማ እስከ አሰላ አንድ ካሴት

«አባባ፣ ከዚህ ቀጥሎ የቱ ነው?» አለኝ ገመቹ፣ ጣቶቹን ኦርጋኑ ላይ እንደዘረጋ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«መልካሳ» አልኩት።

ገባው። እንቁራሪት የምትመስለዋን ለቀቃት። ሕዝቡ ጮኸ።

ግራ ገባችሁ አይደል? ገመቹና ሰይድ የአዳማ ልጆች ናቸው። አንዱ ኦርጋን ይመታል፣ ሌላው ኮምፒውተር ይነካካል። ዘፋኝ የላቸውም፤ ግጥምም የለም፤ ጢዝ፣ ቋ፣ ዱም ብቻ ነው። በወጣትነታቸው አንድ ካሴት አውጥተው አገር አንቀጠቀጡ። አሁን ሆዳቸው ቀደም ቀደም ሲል፣ «ያንን ካሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳናጎድል እንጫወታለን» ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ። ከለጠፉ በኋላ ቅደም ተከተሉ ጠፋቸው! አንዱ «ቋ ይቀድማል»፣ ሌላው «ጢዝ» እያሉ ሊኳረፉ ደረሱ። ባገራቸው ሰው ፊት ቢሳሳቱ መሳቂያ መሆናቸው ነው። ካሴቱ ደግሞ በእጃቸው የለም። የገዛ ካሴታቸው! እኔ የተሳፋሪ ጃንጥላ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

የአዳማ–አሰላ መስመር ረዳት ነበርኩ። ሹፌራችን ከዚያ ሌላ ካሴት አልነበረውም። ፊደል ስላልቆጠርኩ የዘፈኖቹን ስም አላውቅም፤ በመንገዱ ግን አውቃቸዋለሁ። ከመናኸሪያ ስንወጣ ዱም ዱሟ፣ መልካሳ እንቁራሪቷ፣ ደራ ፉጨቷ፣ ኢተያ ያቺ ወፍጮ የምትመስለው። ወሬ አልወድም። ያን ሁሉ ዘመን ከአፌ የወጣው የከተማ ስም ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሰምተው፣ ቅደም ተከተሉን እንድነግራቸው መጥተው ለመኑኝ። መድረኩ ላይ በርጩማ አስቀመጡልኝ፣ ማይክም ሰጡኝ።

«ደራ» ስል ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ለካ አዳራሹን የሞላው የድሮ ተሳፋሪዬ ነው። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔንም ሞቅ አደረገኝ መሰለኝ፣ ወፍጮዋ ስታበቃ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። «አሰላ! ደርሰናል! ዕቃ እንዳትረሱ!»

ሕዝቡ ብድግ አለ። ቦርሳውን አነሳ፣ ልጁን አዘለ፣ እየተጋፋ ወጣ። ሰይድ «ኧረ አንዲት ትቀራለች!» ቢል ማን ይስማው?

«የምን አንዲት?» አልኩ። «እዚህ ሲደርስ እኮ ሹፌሩ ሞተር ያጠፋል። ከዚህ ወዲያ ሰምቼ አላውቅም።»

ገመቹ ባዶውን አዳራሽ አየ። እኔን አየ። ኦርጋኑን በጨርቅ ሸፈነ።

«አባባ» አለኝ፣ «ያቺን እኮ ለረዳቶች ብለን ነበር የሠራናት።»