ታንከሩ ስንት ቀረው?

በየወደብ ከተማው፣ ከጀልባ መውረዱን ያልሰማ አንድ አባወራ አይጠፋም። ጎረቤቱ ሰምቷል፣ ፖስተኛው ሰምቷል፣ እሱ ብቻ አልሰማም።

የወደብ ከተማዋ የሉነንበርግ አባወራ ክቡር ካፒቴን አምብሮዝ ሂምልማን ናቸው። ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ዘጠኝ ዓመት በሸራ ጀልባ ኖሩ። የሚስታቸው የሊዮታ ጉልበት የጀልባውን መሰላል አልወጣም ሲል፣ ባለፈው ጥቅምት ኮረብታው ላይ ቤት ተከራዩ።

ሊዮታ ከቤቱ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ገንዳ ሙሉ ሙቅ ውሃ። ዘጠኝ ዓመት ከጀልባው የውሃ ታንከር በሚቀዳ ሁለት ጣሳ ስትታጠብ፣ ሦስተኛውን ጣሳ በሕልሟ ታየው ነበር።

ክቡርነታቸው ግን ጧት ከቁርስ በፊት መስኮቱ ጋ ይቆሙና የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ ከቀዩ የዓሣ መጋዘን ጣሪያ ጋር ያስተያያሉ፤ ጀልባው ላይ እንደለመዱት። ሁለቱ በትናንትናው መስመር ላይ ካሉ መልሕቁ ይዟል ማለት ነው።

“ቤቱ ሌሊቱን አልተንሸራተተም” ይላሉ።

“ተመስገን” ትላለች ሊዮታ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስቃ ነበር።

ጎረቤታቸው ቨርና የፖም ኬክ ይዛ የመጣች ቀን፣ ካፒቴኑ ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፉ።

“ኧረ አምብሮዝ፣ ጠረጴዛው እኮ አልተነቃነቀም!” አለች ቨርና።

“እስካሁን” አሉ በክብር።

ከሁሉ የከፋው ውሃው ነው። ሊዮታ ገንዳውን መሙላት ስትጀምር ካፒቴኑ የመታጠቢያ ቤቱን በር ያንኳኳሉ።

“ታንከሩ ስንት ቀረው?”

“አባዬ!” ትላለች የአሥራ አራት ዓመቷ ሄስተር ከክፍሏ። “እዚህ እኮ ታንከሩ ከተማው ውሃ የሚስብበት ሐይቅ ነው!”

“ሐይቅም ያልቃል።”

ሊዮታ ቧንቧውን ትዘጋለች። ቁርጭምጭሚቷን በሸፈነ ውሃ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ በሩ ሲንኳኳ ሳትታጠብ ወጣች። አልጮኸችም፤ የምትጮህበት አቅም አልነበራትም።

“አምብሮዝ፣ ደክሞኛል። ነገ ሃሊፋክስ፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።”

“ለስንት ቀን?”

“አንተ ከጀልባው እስክትወርድ።”

ሻንጣዋን አዘጋጅታ ምድር ቤት፣ የውጭው በር አጠገብ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጧት ቤቱ መንሸራተት አለመንሸራተቱን የነገራት አልነበረም። የሰማችው የውሃ ድምፅ ነው፤ አያቋርጥም። ቧንቧ የፈነዳ መስሏት እያነከሰች ሄደች። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፣ እንፋሎቱ መስታወቱን ጋርዶታል። አምብሮዝ አጠገቡ ቆሟል፤ የገዛ ደሙ ሲቀዳ እንደሚያይ ሰው ፊቱ ገርጥቷል።

“ግቢ” አላት። “ሳይበርድ።”

“ታንከሩስ?”

“አንቺ ሴት፣ ዝም ብለሽ ግቢ።”

ገባች። ውሃው እስከ አንገቷ ደረሰ። ጉልበቷ ተዘረጋ። አምብሮዝ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲተነፍስ ይሰማታል። አላንኳኳም። ጣቶቿ እስኪሸበሸቡ ቆየች።

ከዚያ ተነሥታ የገንዳውን ውታፍ ያዘች። ውሃው ገና ሙቅ ነው። ንጹሕም ነው። እጇ አልነቅልም አላት።

“አምብሮዝ!”

“አቤት!”

“ይሄ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ ሊፈስ ነው? የሚታጠብ ካልሲ ካለ አምጣ እንጂ!”

ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ሰማችው። ካልሲ ታቅፎ ተመለሰ፤ የራሱን፣ የሄስተርን፣ ከሥር ደግሞ ሊዮታ ትናንት አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ የከተተቻቸውን፣ የታጠቡትን የራሷን።

ካልሲዎቹን አየቻቸው። እሱንም አየችው። ከዚያ የራሷንም ጨምራ ሁሉንም አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ነከረቻቸው።