የዓሣዋ ጾም

ላሟን በረት አስገቡና ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ተረት ልጀምር ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ስብሰባ በሚወዱበት ዘመን፣ አባ ሽመላ ከቀይ ባሕር ሲመለስ ለንጉሥ አንበሳ እጅ መንሻ ይዞ መጣ። እጅ መንሻው በመስታወት ገንዳ ውስጥ የምትዋኝ፣ ብርቱካናማና ነጭ ጥለት ያላት፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የባሕር ዓሣ ነበረች። ጠባቂዋ እመት ኤሊ ሆነች። ሽመላም ሲሰናበት፣ «በቀን አንዴ ቁንጥር ምግብ ይበቃታል። በየሳምንቱ ከውኃው ጥቂት ቀንሰሽ በንጹሕ የጨው ውኃ ተኪላት። ሌላ ነገር አትጨምሪ» አላት።

ኤሊ እንደታዘዘችው አደረገች። አገሩ ግን አልወደደላትም። እንግዳ በቁንጥር ሲመገብ ማን አይቶ ያውቃል?

ሸንጎ ተጠራ። ዝንጀሮ ተነሥቶ፣ «ይህች ኤሊ እንግዳችንን በረሃብ ልትገድልብን ነው። ነገ ሽመላ መጥቶ ቢያያት ምን እንባላለን?» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ወዲያው የአጉራሽ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በምግብ ጉዳይ ልምድ አለው ተብሎም አያ ጅቦ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዳው ፊት ሰልፍ ሆነ። ላም ገለባ አመጣች፤ ዶሮ ጥሬ አመጣች፤ አያ ጅቦ እንኳ ሆዱን ችሎ አጥንት ይዞ መጣ። «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ» አለ አንዱ። «በሞቴ» አለች ሌላዋ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለ ሁለተኛው ተከተለ። ዓሣዋ የምትችለው ያችኑ ቁንጥር ነበር፤ የተረፈው ሁሉ ታች ወርዶ በሰበሰ።

በአራተኛው ቀን ውኃው አጥሚት መሰለ። ዓሣዋ ትንፋሽ አጥሯት ወደ ላይ ወጣችና አፏን ትከፍት ትዘጋ ጀመር።

«አያችሁ?» አለ አያ ጅቦ ሌላ አጥንት ይዞ። «አፏን ከፍታ እየለመነችን ነው። ጨምሩላት።»

«ኧረ አየር አጥሯት ነው፤ ውኃው ተበላሽቷል» አለች ኤሊ።

«ቆንቋና» አሏት።

ኤሊ አንድ ጉርሻ ከተጨመረ ዓሣዋ እንደማታድር አወቀች። ግን በእግሯ ትዘገያለች እንጂ በነገር የሚቀድማት የለም። ገንዳው ፊት ቆማ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣ «ወገኖቼ፣ ደብቄያችሁ ነበር፤ ይቅር በሉኝ። ዓሣዋ ጾም ይዛለች። አፏን የምትከፍተው እየጸለየች ነው» አለች።

እንግዳን በግድ የሚያጎርስ ሁሉ ጾም ማስገደፍ ይፈራል። አያ ጅቦ አጥንቱን ከጀርባው ደበቀ፤ ሌሎቹም ቀስ እያሉ ወጡ።

ኤሊ በሩን ዘግታ ብስባሹን ጠራረገች፤ ውኃውንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች ለወጠች። በሳምንቱ ዓሣዋ ሽር ብትን ማለት ጀመረች።

ሸንጎው በጣም ተደሰተ። «ጾሙ ሠራላት» ተባለ። ለጾሙ መፍቻ ድግስ የሚያዘጋጅ ኮሚቴም ወዲያው ተመረጠ፤ ሊቀመንበሩ አያ ጅቦ ነው።

ዓሣዋ ይህን ስትሰማ ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

«እሜቴ ኤሊ፣ ቀጣዩ ጾም መቼ ይገባል?»

«ነገ ይግባ ካልሽ ነገ ይገባል። ምነው ልጄ?»

«ባሕር ሳለሁ ከጠላቶቼ ድንጋይ ሥር እደበቅ ነበር። ከወዳጆቼ መደበቂያ ግን ከጾም በቀር አላገኘሁም።»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ፤ እኔም ጾም ይዣለሁ።