ዴንቨር ላይ ወራጅ አለ

[ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ፣ የዴንቨር በረራ መሳፈሪያ በር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ውጭ በረዶ ይጥላል። ሌስተር ሃውገን የአየር መንገዱን የወርቅ አባልነት ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የሚስቱ ወንድም ቨርን፣ የቱርክ ዶሮ አርቢው፣ ሙሉ ሱፍ ከነክራባቱ ግጥም አድርጎ ለብሶ አጠገቡ ቆሟል። ዛሬ ማታ የሌስተር ልጅ ክሪስታ ዴንቨር ላይ ታገባለች።]

ሌስተር፦ ተቀመጥ እባክህ፣ አታዋርደኝ! አሁን ሱፍ ለብሶ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አለ?

ቨርን፦ ሰርግ እኮ ነው የምሄደው።

ሌስተር፦ ሰርጉ ዴንቨር! እዚህ ማን ሊያገባህ ነው? ሱፍ እንደኔ ታጥፎ በከረጢት ነው የሚያዘው። አሁን ስትቀመጥ ይጨማደድብሃል።

ቨርን፦ ለዚህ እኮ ነው የቆምኩት።

ሌስተር፦ አየር ላይም ልትቆም ነው?

ቨርን፦ ይከለክላሉ እንዴ?

ሌስተር፦ [ጣሪያ ጣሪያውን እያየ] አምላኬ፣ ከማን ጋር ነው ያዛመድከኝ! እስቲ ቲኬትህን አሳየኝ... ከሚኒያፖሊስ ዴንቨር። በቃ? ይኸው ነው?

ቨርን፦ የምሄደው ዴንቨር ነዋ።

ሌስተር፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ! ለዚህ እኮ ነው የሚበሉህ። እየው የኔን። ከሚኒያፖሊስ ዴንቨር፣ ከዴንቨር ቦይሲ።

ቨርን፦ ቦይሲ ማን አለህ?

ሌስተር፦ ማንም።

ቨርን፦ ዘመድ፣ ወዳጅ?

ሌስተር፦ የማውቀው ውሻ እንኳ የለም! አልሄድማ። ዴንቨር ላይ ሌላው አውሮፕላን ሊቀይር ሲሮጥ፣ እኔ ከረጢቴን ይዤ ውልቅ! የቦይሲው ቲኬት ከዴንቨሩ ይረክሳላ።

ቨርን፦ ሩቁ ከቅርቡ ይረክሳል?

ሌስተር፦ እንዴታ!

ቨርን፦ ታዲያ እስከ ጃፓን ብትቆርጥ በነፃ ትሄድ አልነበር?

ሌስተር፦ ወይ ጣጣ! ይሄ ቱርክ ማርባት መሰለህ? ዕውቀት ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ አየር ላይ ኖሬ ያገኘሁት።

ቨርን፦ ዴንቨር ላይ ካልቆመስ?

ሌስተር፦ ምኑ?

ቨርን፦ አውሮፕላኑ። «ወራጅ አለ!» ብለህ ልትጮህ ነው?

ሌስተር፦ አንተ ሰውዬ፣ አውሮፕላንና አውቶቡስ ለይ! ዴንቨር ሳይደርስ የት ይሄዳል?

ቨርን፦ እነሱስ ያውቃሉ? እንደምትወርድ?

ሌስተር፦ [ዞር ዞር ብሎ አይቶ] ድምፅህን ቀንስ! መሃል ላይ መውረድ ክልክል ነው፤ ካወቁማ ካርዴን ይነጥቁኛል። ይህን ካርድ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው። ባለፈው ታኅሣሥ ደረጃዬ እንዳይወርድ ትንሽ በረራ ቢጎድለኝ፣ ጠዋት ፊኒክስ ሄድኩና ከሰዓት ተመለስኩ።

ቨርን፦ ፊኒክስ ምን ልትሠራ?

ሌስተር፦ ልመለስ።

ቨርን፦ [ካሰበ በኋላ] የኔ ቱርኮች እንኳ ከአጥር የሚወጡት እህል ሲያዩ ነው።

[የበሯ ሠራተኛ ማይክ ታነሳለች።]

ሠራተኛዋ፦ ክቡራን መንገደኞች፣ የዴንቨር በረራችን ላይ ከወንበሩ በላይ ሰው ስለተመዘገበ ይቅርታ እንጠይቃለን። አንዳንዶቻችሁን ወደ ሌላ በረራ እናዛውራለን።

ሌስተር፦ አለቀልህ! በዓመት አንዴ የሚሳፈረውን ነው መጀመሪያ የሚያስቀሩት። የወርቅ አባል ግን አይነካም።

ቨርን፦ ኧረ በናትህ! ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ናት፤ ብቀር ትቀየመኛለች።

ሌስተር፦ ምንም አትል። አባቷ እጇን ይዞ እስካስገባት ድረስ አጎት ቢጎድል ማን ይቆጥራል? ኬክ አስቀርልሃለሁ።

ሠራተኛዋ፦ አቶ ሌስተር ሃውገን!

ሌስተር፦ [እየተነሳ] ሰማህ? በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ሠራተኛዋ፦ አቶ ሃውገን፣ የወርቅ አባላችን ስለሆኑ ከሁሉም በፊት ያሰብነው ለእርስዎ ነው። ዴንቨር ላይ አውሮፕላን ሲቀይሩ ከሚንገላቱ፣ በቀጥታ ቦይሲ የሚገባ በረራ ላይ አስገብተንዎታል። ያውም የፊት ወንበር! የዴንቨሩን ለሌላ ሰው ሰጥተንልዎታል።

ሌስተር፦ ቀ... ቀጥታ?

ሠራተኛዋ፦ ዴንቨርን ሳይረግጡ!

ሌስተር፦ እኔ እኮ... መንገላታት እወዳለሁ።

ሠራተኛዋ፦ አይ ትሕትና! ይገባዎታል እንጂ።

ሌስተር፦ ከቦይሲስ ወደ ዴንቨር... እንዲያው አንድ ሰው ዛሬውኑ መመለስ ቢፈልግ?

ሠራተኛዋ፦ የዛሬው ሁሉ ሞልቷል። ከነገ ወዲያ እንጃ።

ቨርን፦ ንገራታ፣ ሌስተር! «ልጄን ልድር ነው» በላት!

ሌስተር፦ [በሹክሹክታ] ዝም በል! ይህን ካልኳት ቦይሲ እንደማልሄድ አወቀች ማለት ነው። ካርዴን ይወስዱታል!

ቨርን፦ ልጅህ እኮ ናት፣ አንተ!

ሌስተር፦ ሃያ ዓመት የለፋሁበት ነው!

ቨርን፦ ክሪስታ ሃያ ስድስቷ ነው።

[ቨርን ወደ ሠራተኛዋ ይጠጋል።]

ቨርን፦ እመቤት፣ የኔን ወንበር ለሱ ስጭልኝ። እኔ ልቅር።

ሠራተኛዋ፦ ለአቶ ሃውገን? ቦይሲ ለሚሄድ ሰው የዴንቨር ወንበር ምን ያደርግለታል? [ወደ ሌስተር ዞራ] ወይስ ዴንቨር ነው የሚቀሩት?

[ሌስተር ቨርንን ያያል። ከዚያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ያያል። በመዳፉ ይሸፍነዋል።]

ሌስተር፦ ኧረ... ቦይሲ ነው። ቦይሲ ነው የምሄደው።

ቨርን፦ ሌስተር!

ሌስተር፦ ክሪስታ ትረዳኛለች። አስተዋይ ልጅ ናት።

ቨርን፦ በናቷ ወጥታ ነዋ! እንኳንም አንተን አልመሰለች።

ሠራተኛዋ፦ በሉ ይፍጠኑ፣ አቶ ሃውገን፤ የቦይሲው ወዲያ ማዶ ነው። እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቁት።

[ሌስተር ለሰርጉ የማይደርሰውን ሱፍ በከረጢት ተሸክሞ ይሮጣል። ቨርን ስልኩን አውጥቶ ይደውላል።]

ቨርን፦ ሄሎ፣ ክሪስታዬ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ! አጎትሽ ነኝ፤ ልሳፈር ነው... አይዞሽ፣ እጅሽን ይዤ የማስገባሽ እኔ ነኝ። ሱፌንም ከአሁኑ ለብሻለሁ፤ አልተጨማደደም፣ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላልኩም... አባትሽማ ደህና ነው፣ በወርቅ ካርዱ የፊት ወንበር ሰጥተውታል። ቦይሲ ሄደ... ምን ሊሠራ?

[ቨርን ሌስተር በሮጠበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ያያል።]

ቨርን፦ ሊመለስ።