የሙጋ ትሎች ሊቀ ፍርሃት

ፈጣሪ አንድም መንደር ያለ ፈሪ አልተወም። አራሹን፣ ሸማኔውን፣ ቀልደኛውንና ሐሜተኛውን በየቦታው ካደላደለ በኋላ፣ የቀረው ሕዝብ በሰላም ያንቀላፋ ዘንድ የሁሉን ስጋት ጠቅልሎ የሚሸከም አንድ ሰው ይሾማል። ይህ ሰው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይታየዋል፤ ሕፃን ሲስቅ ትን እንዳይለው ይጨነቃል፤ ድልድይ ከመሻገሩ በፊት ወደ ታች ወርዶ ምሰሶውን ይነቀንቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አጎታችሁ ነው።

በሱባንሲሪ ወንዝ ዳር ባለችው በኮዶምጉሪ መንደር ይህን መንበር ለአርባ ዓመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ሊቀ ፍርሃት ቶሴሽዋር ቡራጎሃይን ናቸው። ሥራቸው ሙጋ የሚባለውን፣ ሐሩ የወርቅ መልክ ያለውን ትል ማርባት ነው። ሙጋ እንደ ነጩ የሐር ትል በቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ቅጠል አይቀርብለትም፤ ሜዳ ላይ፣ ሶም በሚሉት ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተበትኖ ያድጋል። ስለዚህም ቁራው፣ ተርቡ፣ በረዶው፣ ከሻይ እርሻ በነፋስ የሚጓዘው የተባይ መርዝ ሁሉ ይፈልገዋል። መፍራት ለሚወድ ሰው ከዚህ የሰፋ ርስት ከየት ይገኛል?

«የዚህ ነገር መጨረሻ አያምርም» ይላሉ ሊቀ ፍርሃት ጠዋት ከአልጋቸው ሲወርዱ፣ ገና ምኑም ሳይጀመር። ጎረቤት ትንኝ ለማባረር ቢያጤስ፣ በሩ ላይ ቆመው ጭሱ እስኪጠፋ ያስላሉ። አንድ ዓመት፣ ትሎቹ ቆዳቸውን ሊገፉ በየቅርንጫፉ ጸጥ ባሉበት ሰሞን፣ ሰርገኞች ከበሮ እየመቱ በመንገዱ ብቅ ቢሉ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸውና በሩዝ ማሳው በኩል አዞሯቸው። ሙሽራው ከሙሽሪት ደጅ የደረሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ነበር። «በሕይወት ደርሷል አይደል?» አሉ ሊቀ ፍርሃት ሲወቀሱ፤ «በድልድዩ ቢያልፍ ኖሮ ማን ያውቃል!»

ጁሪ ሳይኪያ ወደ እኚህ ሰው ግቢ የመጣችው በመጸው ወራት ነው። በጆርሃት ከተማ በሚገኝ አንድ የምርምር ማዕከል የነፍሳትን ጂኖም ታነባለች፤ ማለትም በእያንዳንዱ ፍጥረት አካል ውስጥ ተጽፎ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ሙሉ የዘር ጽሑፍ። በሩን ገና ሳትገፋ ድምፅ አስቆማት።

«ቁሚ! እግርሽን ታጠቢ።»

«ታጥቤያለሁ፣ ኮካ።» ኮካ ማለት በዚያ አገር አያት ማለት ነው።

«የት?»

«ቤቴ።»

«ከቤትሽ እስከዚህ በአየር ነው የመጣሽው? በአመድ ውኃ ታጠቢ። ዓሣ ጠብሰሽ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«በሻይ እርሻ መካከል አልፈሻል?»

«አውቶቡሱ አልፏል።»

«የዚህ ነገር መጨረሻ አያምርም» አሉና ሁለተኛ ባልዲ አስመጡ።

ባለቤታቸው ሂራማይ ከማድቤቱ በር ላይ ሆነው ይስቁ ነበር። «ታገሻቸው፣ ልጄ! እኔን ሊያገቡ ሲመጡም ጃንጥላ ይዘው ነው የመጡት፤ በድርቅ ወር።»

«ዘንቦ ቢሆንስ?» አሉ ሊቀ ፍርሃት።

ጁሪ የፈለገችው እግር ነበር። ትሉ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ የእሳት ራት ይሆናል፤ እንቁላሏን ጥላ ከጨረሰች የእሳት ራት አንዲት እግር ብቻ ይበቃታል። ፈጣሪ ለግዙፉም ለደቃቁም መጽሐፉን ሳይጽፍለት አላቆመውምና፣ በዚያች ክር በምታክል እግር ውስጥ የዘሩ ታሪክ ሙሉው አለ። ሽማግሌው ነገሩን በጥሞና ሰሙ።

«ስትጨርሺ ትመልሺያታለሽ?»

«ምኑን፣ ኮካ?»

«እግሯን ነዋ!»

«ትፈጫለች እኮ። ዱቄት ሆና ነው የምትነበበው።»

ሊቀ ፍርሃት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለባለ እግሯ አትንገሪያት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በጋውን ሁሉ ጁሪ ይህን እያወራች በላቦራቶሪው ያሉ ጓደኞቿን ስታስቅ ከረመች። ሳቁ ያቆመው ንባቡ ሲወጣ ነው። ከዐሥራ አንድ መንደር የተሰበሰቡ ስልሳ የእሳት ራቶች፣ ፊደል በፊደል ሲተያዩ፣ የአንድ እናት ልጆች ያህል ተመሳሰሉ። ጠርሙሶቹን ያቀላቀለች መሰላትና ደነገጠች። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደ ገና አነበበች። እንደ ገናም ያው ሆነ። ያን ጊዜ ሌላ ድንጋጤ፣ ከፊተኛው የሚብስ፣ ቀስ ብሎ መጣባት።

በጸደይ ወደ ኮዶምጉሪ ስትመለስ ከወንዙ ማዶ በሽታ ገብቶ ነበር። በሦስት መንደር ትሎቹ በዛፍ ላይ እንዳሉ ጠቁረው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ደፍተው ተንጠልጥለዋል። የሊቀ ፍርሃት ዛፎች ገና አረንጓዴ ናቸው። ሽማግሌው ግን ከስተዋል።

ጁሪ እግሯን ሳትጠየቅ በአመድ ውኃ ታጠበችና ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«ኮካ፣ አባትዎ በገዳም መጻሕፍት ይገለብጡ ነበር ብለውኛል።»

«በሳንቺ ዛፍ ቅርፊት ላይ። ቀለሙን የምበጠብጥላቸው እኔ ነበርሁ።»

«ገልባጭ ሲሳሳት ምን ይሆናል?»

«ስሕተቱ ለሚቀጥለው ገልባጭ ይተርፋላ። አባቴ አንዲት የተዘለለች ቃል አይተው መጽሐፉ ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣ ይናገሩ ነበር።»

«የዘር ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ፍጥረት ሲዋለድ ጽሑፉ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ይወረሳል። ጥንት አንድ የነበሩት በየትኛው መንገድ እንደ ተለያዩ የምናውቀው በዚያ ነው። ነጩ የሐር ትል በሰው እጅ ሺህ ዓመታት ሲቀለብ መብረር ቀርቶበታል፤ ክንፍ አለው፣ አይነሣም። የእኛ ሙጋ ገና መንገድ ላይ ነው። ይበርራል። ግን የጫካው ዘመዱ በሽታ የሚመክትባቸው ገጾች በእሱ ላይ ተቀዳደዋል።»

«የእኔዎቹስ?»

«የእርስዎም፣ የጎረቤትዎም፣ የማዶዎቹም ከአንዲት ቅጂ የተገለበጡ ናቸው። ሁሉም ላይ ያው ስሕተት አለ።»

ሽማግሌው የገልባጭ ልጅ ናቸውና ፍጻሜውን ከእሷ ቀድመው ደረሱበት። «ስለዚህ ማዶ የገደለው . . .»

«እዚህም ይገድላል።»

ጁሪ የተለመደውን ቃል ጠበቀች። አልመጣም። አርባ ዓመት በየማለዳው ጥፋትን ሲጠሩ የኖሩት ሰው፣ ጥፋቱ ደጃፋቸው ቆሞ ሲያዩት፣ ሊሰነጥቁት ያነሡትን፣ ታሙል የተባለውን የሚታኘክ ፍሬ ወደ ሳህኑ መልሰው አስቀመጡት።

«ይኸው መጣልዎ!» አሉ ሂራማይ። «ስንት ዘመን የለመኑት! ደስ ይበልዎ እንጂ።» ቀልዱ ግን መካከል ላይ ተሰበረባቸውና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

«ያልተቀደደው ቅጂ የት አለ?» ሲሉ ሊቀ ፍርሃት ጠየቁ።

«ጫካው ውስጥ።»

የሙጋ አርቢዎች ሴቷን የእሳት ራት በክንፏ ሥር በክር ሸብ አድርገው በሣር ዘለላ ላይ ያስሯታል፤ እዚያው ከወንዱ ትገናኛለች፣ እዚያው ትጥላለች። ይህ የሚደረገው በቤት በረንዳ ላይ፣ በጠባቂ ዓይን ሥር ነው። ጁሪ የምትለው ግን ሴቶቹ በጫካው ጠርዝ ይታሰሩ፣ ሽታቸውም የዱሩን ወንድ ይጥራው ነው።

«የሌሊት ወፍ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ጉጉት አለ። ዝሆን አለ፤ ባለፈው ወር የጥበቃውን ጎጆ እንደ ባርኔጣ አንሥቶ ነው የጣለው። ያለችኝ ዘር ደግሞ ዘጠኝ ሴት ናት። ወንዶቹ ካልመጡስ?»

«አላውቅም።»

«ከተበሉስ?»

«አላውቅም፣ ኮካ።»

«ታዲያ የተማርሽው ምንድን ነው?»

ጁሪ እስከዚያች ቀን ድረስ ያነበበቻቸው ፊደላት በእጇ ሞተው አያውቁም። ዘጠኙ ቢጠፉ፣ ከሊቀ ፍርሃት እናት እጅ ወደ እሳቸው እጅ የተላለፈው ዘር በእሷ ምክር ሊቋረጥ ነው።  እኚህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ፍርሃት ይዘው እንዴት ሩዝ ዋጡ ስትል አሰበች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘጠኙን ከሂራማይ ጋር በጫካው ጠርዝ አሰሯቸው። ሊቀ ፍርሃት ካሰሩት አንድም ቋጠሮ ከመጠን አልጠበቀም፣ አልላላምም። ዝሆኖቹ ሲመሽ በዚያ ስለሚወርዱ ማንም አይቆይም፤ ሦስቱም ሳይጨልም ተመለሱ። ሽማግሌው እራታቸውን ሳይቀምሱ ወደ መኝታቸው ገቡ።

ጁሪ ሰማዩ ሲገረጣ ብቻዋን ወጣች። ጉሙ ወገቧ ድረስ ነበር። ሂራማይን ልቀስቅስ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን የምታየውን መጀመሪያ ብቻዋን ማየት ፈለገች።

በመጀመሪያው የሣር ዘለላ ላይ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አራት ክንፎች፣ ቡናማና ወርቅማ፣ ጤዛ ላይ ወድቀዋል። በሁለተኛውም ክንፍ። በሦስተኛውም። ወደ አራተኛው አልሄደችም። እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ እኔ ነኝ የበላኋቸው።

ያን ጊዜ ከአንድ ዛፍ ሥር አንድ ሰው ሳለ።

ሊቀ ፍርሃት ቶሴሽዋር ቡራጎሃይን በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጤዛው ከቅንድባቸው እየተንጠባጠበ፣ ወፍ ማባረሪያውን የተሰነጠቀ ቀርከሃ በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

«ኮካ! ሌሊቱን እዚህ ነው ያደሩት?»

«ቀስ በይ፤ ትጮኺያለሽ። ሦስቱ ሳልደርስ ተበሉብኝ። አንዷ ክሯን በጥሳ ሄደች። የቀሩትን እያቸው።»

አየች። አምስት ሴቶች በየዘለላቸው ላይ አሉ። በአራቱ ላይ፣ ጅራት ለጅራት ተጣብቀው፣ ከቤቶቹ የጠቆሩ፣ ክንፋቸው ጫፍ ጫፉን የተበላ፣ ማንም ያላሳደጋቸው ወንዶች ተቀምጠዋል።

«ብቻዎን? ዝሆን አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም!» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «ባልፈራማ ቤቴ እተኛ አልነበር?»

ጁሪ ልትስቅ ነበር፤ አልቻለችም። ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ጊዜ በጉሙ ውስጥ፣ ከቀርከሃው ደን፣ አንድ ወፍራም ግንድ ተሰብሮ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ፤ ቀረብ ብሎ።

«እንሂድ፣ ኮካ። እናንሣቸውና እንሂድ።»

«ከተነኩ ይላቀቃሉ። እስከ እኩለ ቀን መነካት የለባቸውም።»

«ፈራሁ እኮ።»

«እኔም» አሉ ሊቀ ፍርሃት፤ ከዚያም ወደ ጎን ጠጋ ብለው የብርድ ልብሳቸውን ግማሽ ዘረጉላት። ጁሪ ተቀመጠች።