አራተኛው ሯጭና የጨለለቅቱ ጭቃ

ጭቃ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አስፋልት ላይ ተወልዶ አስፋልት ላይ ያደገ መሆኑን እወቁለትና እለፉት። እኛ ጌዴኦ ዞን የምንኖር ሰዎች ጭቃን እንደ ጎረቤት በየጠባዩ ነው የምናውቀው። የዲላ ጭቃ ከተሜ ነው፤ ሱሪ ያበላሻል እንጂ ሰው አስሮ አያስቀርም። የይርጋጨፌው ጠንከር ይላል፤ ጫማ ይወስዳል፣ ግን ቢለምኑት ይመልሳል። የጨለለቅቱ ጭቃ ግን አይጣል ነው! እግር ሲገባለት ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ልውጣ ሲሉት እንደ ደግ አማት «ምነው፣ ገና አሁን መምጣትህ አይደል?» እያለ ጉልበት ይዞ ያስቀራል። ቡናውንም እንሰቱንም እንዲያ የሚያወፍረው እሱ ስለሆነ ማንም ክፉ አይናገረውም። እኔም አልናገረውም። የደረሰብኝን ብቻ ላውራ።

ዲላ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ዕድሜዬ አርባን ከተሻገረ ሰነባብቷል። ቀን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ሆዴን ሲያስቀድመኝ ጊዜ ሐኪሙ «ስኳር በርህ ላይ ቆሟል፤ ካልተንቀሳቀስክ ይገባል» አለኝና ደንግጬ የከተማችን ሩጫ ክለብ አባል ሆንኩ። ልጆቹ ይሮጣሉ፤ እኔ እከተላለሁ፤ ክለቡ ሁላችንንም ሯጭ ብሎ ይጠራናል። ባለቤቴ አስቴር ብቻ አልተቀበለችውም። «አንተ ሰውዬ፣ የሚያባርርህ ሳይኖር ምን ያስሮጥሃል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ሰው ቀድሜ አላውቅም። አንድ ጊዜ ቀድሜያለሁ ብዬ ዞር ስል ሰውዬው ለካ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ ኖሯል።

ታዲያ በዘንድሮ በልግ፣ ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ በገባበት ሰሞን፣ አሰልጣኛችን በየነ ፊቱን ቋጥሮ ሱቄ መጣ። ጨለለቅቱ ላይ ሦስት ክለቦች የሚገናኙበት የአገር አቋራጭ ውድድር ነበር። የአገር አቋራጭ ሕጉ ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ አንድ ሰው ብቻውን ስለሮጠ ክለቡ አያሸንፍም። የአራት ሯጮች ደረጃ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ይበልጣል። ሦስት ብቻ ያስገባ ክለብ ግን እንዳልመጣ ይቆጠራል። ወደ ክልሉ ውድድር የሚያልፉት ደግሞ ሁለት ክለቦች ናቸው። እኛ ደህና ደህና ሯጮች አራት ነበሩን፤ አንዱን ወባ ጣለው።

«ታደሰ፣ ማሸነፍ አይጠበቅብህም» አለኝ በየነ። «ግባልኝ ብቻ።»

«በእግሬ?»

«ከተቻለ በእግርህ።»

እንዲህ ተብሎ የታጨ ሯጭ በታሪክ ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ በደስታ አልተኛሁም፤ ለቁጥር ማሟያም ቢሆን ተቆጥሬያለሁና።

የውድድሩ ቦታ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው ጀርባ ያለ የግጦሽ ሜዳ ነው። ከሜዳው ወደ ወንዙ ይወረዳል፣ ወንዙን ተሻግሮ በእንሰት መሃል ዳገት ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ሜዳው ላይ። አራት ዙር። የአገሩ ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ሞተረኛው ሞተሩን አቁሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተሰልፏል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም እንደ ወፍ በረረ። እኔም በረርኩ፤ እስከ ወንዙ ድረስ ብቻ። እዚያ የግራ ጫማዬ ቀረ። ክንዴን እስከ ክርን ከትቼ ፈልጌ አወጣሁትና ጭቃውን ሳላራግፍ አጠለቅሁት፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ እግሬ ከሌላው ይከብድ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ የኛው ምህረቱ ከኋላ ደርሶ አለፈኝ፤ ማለትም በአንድ ዙር ደረበኝ። ልጁ አንድ ጫማውን ጭቃው ወርሶበት፣ ባዶው እግሩ ደምቶ ነው የሚሮጠው። «ጋሼ፣ በርታ! እንዳትቆም ብቻ!» ብሎኝ ሄደ። እሱን አይቶ ማን ይቆማል?

የመጨረሻውን ዙር ስጀምር ሌላው ሁሉ የገባ መሰለኝ። በድምፅ ማጉያው ለእንግዶች ምስጋና ይቀርብ ጀመር። ጃንጥሎቹ ወደየቤታቸው ፊታቸውን አዞሩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ግን አንድ ሰው አየሁ። ከቆላ የመጣው ክለብ ልጅ ነው፤ ቢጫ ማሊያው ቢጫ መሆኑ የሚታወቀው ትከሻው ላይ ብቻ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጧል።

«ፋዘር፣ አትልፋ፤ አልቋል እኮ» አለኝ።

ፋዘር! ይሁን ብዬ ዋጥኩት። «ከክለባችሁ ስንተኛ ነህ?»

«አራተኛ። ሦስቱ አሪፍ ገብተዋል። እኔ ብገባ ባልገባ ምን ይጠቅማል? ሙድ ይይዙብኛል እንጂ።»

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ልጁ ሕጉን አያውቅም። እሱ እዚያች ግንድ ላይ ከተቀመጠ የእሱ ክለብ የለም፤ እኔ በእንብርክኬም ቢሆን ከገባሁ ደግሞ እኛ ሁለተኛ ነን፤ ክልል እንሄዳለን። ከእኔ የሚፈለገው አፌን ዘግቶ ማለፍ ብቻ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ዝምታ ዋንጫም ነበር። አልፌው ልሄድ ነበር እኮ! ግን ቀና ብል ዳገቱ ጫፍ ላይ የኛ ሦስት ልጆች ዝናብ እየወረደባቸው ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። ከጎናቸው ሦስት ቢጫ ማሊያዎች ቆመዋል። እነሱም ቁልቁል ያያሉ። እነሱም ይጠብቃሉ።

አፌ ደግሞ ድሮም ከእግሬ ይፈጥናል።

«አንተ ልጅ፣ አራተኛው ካልገባ ክለብህ ይሰረዛል። እነዚያ የሮጡት ሁሉ በከንቱ ነው የሚቀረው።»

«ሙት በለኝ!»

«ሙት!»

ሊነሳ ሞከረ፤ ጭቃው እምቢ አለ። እጄን ሰጠሁት። ስስበው እኔ ሰጠምኩ፤ ሲስበኝ እሱ ሰጠመ፤ በመጨረሻ ሁለታችንም በደረታችን ተንፏቀን ወጣን። ከዚያ ወንድምነቱ አበቃ። ልጁ ዳገቱን እንደ ፍየል ጀመረው፣ እኔም በእጄም በእግሬም ተከተልኩት። እሱ ወጣት ነው፤ ግን የጫማው ጥርስ መንደሩን ሙሉ ጭቃ ተሸክሟል። አንዴ ተንሸራተተ፣ ደረስኩበት። ተነሳ፣ ቀደመኝ። ደግሞ ተንሸራተተ። ወደ ቤቱ ጀምሮ የነበረው ጃንጥላ ሁሉ ተመለሰ፤ በጌዴኦኛም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጮሃል፤ ለማን እንደሚጮህ እንጃ። ምስጋና ያቀርብ የነበረው ሰውዬ ምስጋናውን ረስቶ «ኧረ ሽማግሌው! ኧረ ሽማግሌው!» ይላል። ሽማግሌ መባሌን እንኳ ለመቀየም ጊዜ አልነበረኝም። መጨረሻው ላይ የተወጠረው ገመድ ጋ ስንደርስ ራሴን ወረወርኩ። በአንድ ክንድ ቀደምኩት።

ሰው ቀደምኩ! የጫማ ክር ሳያስር፣ እየሮጠ ያለ ሰው ቀደምኩ።

ከዚያ ደረጃው ተደመረ። ቢጫዎቹ በሁለት ነጥብ በለጡን፤ እኛ ሦስተኛ ሆነን ቀረን።

በየነ ወንዙ ዳር ቆሜ ሳወራ ከላይ አይቶኛል። «ምን አልከው?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዝም ማለት አቃተህ?»

«አቃተኝ።»

ዞሮ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ሚኒባሱ እስከ ይርጋጨፌ ድረስ የልቅሶ ቤት መስሎ ሄደ። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። በየነስ ይናደድ፣ እኔን የጨነቀኝ ምህረቱ ነው፤ በደማ እግሩ የሮጠው ክልል ለመሄድ ነበራ። ይርጋጨፌ ላይ ልንታጠብ ስንወርድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቁስሉን ያጥብ ጀመር። ከዚያ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ልጁን ባትነግረው ኖሮ እዚያው ይቀመጥ ነበር?»

«ይቀመጥ ነበር።»

«እኛ ላይ ቢሆንስ? አንተ ብትሆን የተቀመጥከው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ፊቱ ቀስ እያለ ፈካ። «ግን ቀደምከው አይደል!» አለና ትከሻዬን መታኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። በየነ ጀርባውን ሰጥቶን ፊቱን ይታጠባል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርድ ነው ካላችሁ አልከራከርም።

ማታ ዲላ ቤቴ ስደርስ አስቴር ከነጭቃዬ አላስገባ ብላ በር ላይ አቆመችኝ። አገጬ ወደ ላይ፣ ደረቴ ወደ ፊት ሆኖ ስታየኝ ግራ ገባት።

«ምነው ተኮፈስክ? ስንተኛ ወጣህ?»

«ከመጨረሻ ሁለተኛ።»

«እሰይ! ደግሞ ካንተ ኋላ የሚገባ ሰው ተገኘ? ማነው እሱ ምስኪን?»

«ያሸነፈን» አልኳት።